ቪርትን ያወቅሁባቸው ገጾች

ፕሮፌሰር ኒክላውስ ቪርትን በአካል አግኝቻቸው አላውቅም። ክፍላቸው ገብቼ አልተማርኩም፤ ደብዳቤም ጽፌላቸው አላውቅም። ያም ሆኖ በተማሪነቴ ዘመን ከማንም መምህር ይልቅ የቀረቡኝ እሳቸው ነበሩ። የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ይህ ይግባ ይህ ይቅር እያለ መርጦ የሚሠራው ሥራ መሆኑን ያወቅሁት በእሳቸው ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024፣ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ማረፋቸውን ስሰማ እንደ ቅርብ ዘመድ አዘንኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሙያው ታሪክ የተመዘገበው በዚያ ነውና።

መጀመሪያ የተዋወቅነው አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ። ኮምፒውተሩ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ስለነበር ላብ የሚገባው በተራ ነው። በር ላይ የሚቀመጡት የላብ ኃላፊ ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ክፍት ቦታ ይኖር ይሆን?» እላቸዋለሁ።

«ስምህን ጻፍና ጠብቅ ልጄ። የቀረ ሰው ካለ አስገባሃለሁ። ግን ፕሮግራምህን በወረቀት ጨርሰህ ነው የምትገባው። እዚህ የሚመጣው ለመተየብ ነው፤ ማሰቡን ደጅ ጨርሰህ ና።»

ስለዚህ ቪርት በነደፉት በፓስካል ቋንቋ የመጀመሪያዎቹን ፕሮግራሞቼን የጻፍኳቸው ሉክ ላይ፣ በቢክ እስክሪብቶ ነው። ዶርም አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ኮምፓይለር፣ ማለትም ፕሮግራሙን አንብቦ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ተርጓሚ፣ ይሆንልኛል። እርሳስ ይዞ ከላይ ወደ ታች ያነባል። አዲስ ስም ባገኘ ቁጥር «ይሄ የት ተነገረኝ?» ብሎ ወደ ላይ ይመለሳል። ኢንቲጀር ተብሎ በተነገረ ቫሪያብል ውስጥ ክፍልፋይ ቁጥር ሊገባ ሲል ካየ ያሰምርበታል። ቢጊን ሲያገኝ በጣቱ ይቆጥራል፤ ኤንድ ሲያገኝ ጣቱን ያጥፋል። መጨረሻ ላይ ጣቶቹ ሁሉ ከታጠፉና ነጥቧ ካለች «ግባ» ይለኛል። እኔም በተራዬ ለእሱ እንዲሁ አደርጋለሁ።

ይህ ሥራችን መሳካቱ ያኔም ይገርመኝ ነበር። ጓደኛዬ ወደ ፊት ገልጦ ማየት አያስፈልገውም፤ ከላይ ጀምሮ ያነበበው ብቻ ይበቃዋል። ቪርት ፓስካልን ሲነድፉ ኮምፓይለሩ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቦ እንዲጨርስ አድርገው እንደነበር ቆይቼ ነው ያነበብኩት። ቫሪያብሉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከነዓይነቱ ይነገር፣ ፕሮሲጀሩም ከሚጠራበት ቦታ በፊት ይቀመጥ የሚለው ሥርዓት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ለማሽኑ የቀለለው እርሳስ ለያዘ ልጅም ቀለለ። የሰውዬውን የሥራ ዘመን በሙሉ የምረዳው በዚህ ነው፤ ለማሽኑ ማቅለልና ለሰው ማቅለል አንድ ጉዳይ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ለዚህም ከአርባ ዓመት በላይ ሠሩ።

ተራዬ ደርሶ ስገባ የሚቀበለኝ ሰማያዊ ስክሪንና ቢጫ ፊደል ነው። የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ ቱርቦ ፓስካልን ያስታውሳል። ከሉኩ ላይ ተይቤ ቁልፉን ስጫን፣ ኮምፓይል አድርጎ ለመጨረስ ዓይኔን እስክጨፍን አይቆይም። ይህን ፕሮግራም የጻፈው ዴንማርካዊው አንደርስ ሄይልስበርግ ሲሆን፣ ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ በ1983 በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ አቀረበው። ሌሎች ኮምፓይለሮች በመቶዎች ዶላር በሚሸጡበት ጊዜ ማለት ነው። ሦስተኛው ዕትም መጻፊያውንም ኮምፓይለሩንም አንድ ላይ ይዞ 40 ኪሎባይት አይሞላም ነበር። ሄይልስበርግ ድንቅ ባለሙያ ነው፤ በኋላም ሲሻርፕንና ታይፕስክሪፕትን የነደፈው እሱ ነው። ቢሆንም ኮምፓይለሩ እንዲህ ጠብቦ አንዲት ፍሎፒ ላይ ተርፎ እንዲቀመጥ ያስቻለው፣ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ዙሪክ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያቺ ፍሎፒ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ደግሞ ዋጋዋም ቀረ፤ የሚያስፈልገው የሚያውሰን ጓደኛ ብቻ ሆነ።

ከቪርት ጋር በደንብ የተገናኘነው ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፉ ሪዘርቭ መደርደሪያ ላይ ስለነበር ለጥቂት ሰዓት እንጂ ለሌሊት አይሰጥም። ርዕሱ የሒሳብ ቀመር ነው፦ አልጎሪዝሞች ሲደመሩ ዳታ ስትራክቸሮች እኩል ይሆናል ፕሮግራሞች። በ1976 የታተመ፣ ጠርዙ በብዙ እጅ ያለቀ መጽሐፍ። ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ምዕራፍ በምዕራፍ እያስባዛሁ የራሴ አደረግሁት።

ስለ ስምንቱ ንግሥቶች የሚናገረውን ክፍል ያነበብኩበትን ቀን አልረሳም። ጥያቄው የቆየ ነው፤ በቼዝ ሰሌዳ ላይ ስምንት ንግሥቶችን እርስ በርስ እንዳይበላሉ አድርጎ ማስቀመጥ። እኔ ሳስበው የመጣልኝ ስምንት በስምንት የሆነ ሰሌዳ ሠርቶ እያንዳንዱን ቤት መመርመር ነበር። ቪርት ግን ሰሌዳውን ጨርሶ አያስቀምጡትም። መጀመሪያ ሥራውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፉታል፤ ከዚያ ያንን ዐረፍተ ነገር ወደ ትንንሽ ዐረፍተ ነገሮች ይከፍቱታል፤ እያንዳንዱን ሲከፍቱ ስለ ዳታው አንድ ነገር ይወስናሉ። በመጨረሻ «ይህ ቦታ ነፃ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ፣ በአንደኛው አቅጣጫ ባለ አንድ ሰያፍ መስመር ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ የረድፋቸውና የዓምዳቸው ድምር እኩል መሆኑን፣ በሌላኛው አቅጣጫ ባለ ሰያፍ መስመር ላይ ደግሞ ልዩነታቸው እኩል መሆኑን ያሳያሉ። ስለዚህ ንግሥቶቹን አንድ በአንድ እየመረመሩ መሄድ ይቀራል፤ ለረድፎቹና በሁለቱ አቅጣጫ ላሉት አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሰያፍ መስመሮች እውነት ወይም ሐሰት የሚል ምልክት መያዝ ይበቃል። ሦስት ምልክት ማየት ነው፤ አለቀ።

መፍትሔዎቹ 92 ናቸው፤ ሰሌዳውን በማዞርና በመገልበጥ የሚመሳሰሉትን አንድ ካልናቸው 12። እኔን ያስደነቀኝ ግን መልሱ አልነበረም። እኚህ ሰው የሚያስቡበትን መንገድ ሳይደብቁ፣ ደረጃ በደረጃ ገልጠው መጻፋቸው ነው። ስለዚሁ የአሠራር ዘዴ በ1971 የጻፉት ጽሑፍ በመስኩ ዛሬም ይጠቀሳል። እስከዚያ ድረስ በክፍል ያየኋቸው ፕሮግራሞች በሙሉ ያለቁ ነበሩ፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ እንገለብጣቸዋለን። ሲወለዱ ያየሁት ያኔ ነው።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ደግሞ ሕይወቴን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። እዚያ ውስጥ ፒኤል ዜሮ የምትባል ትንሽ ቋንቋ አለች። ዓይነቷ ኢንቲጀር ብቻ ነው። ኢፍ፣ ዋይል፣ ፕሮሲጀር አላት፤ ፕሮሲጀሮቿ ግን ፓራሜትር እንኳ አይቀበሉም። የሰዋስው ሥርዓቷ እንደ ባቡር ሐዲድ በተሳሉ መስመሮች ይታያል፤ ቀስቱን ተከትለህ ስትሄድ የምታገኘው ሁሉ ትክክለኛ ፕሮግራም ነው። ከዚያ የኮምፓይለሩ ሙሉ ጽሑፍ በፓስካል ይከተላል። ምንም የተደበቀ ነገር የለም።

ኮምፓይለር እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ የታሸገ ዕቃ ነበር። ያን ዕለት ማታ ዶርም አልጋዬ ላይ ገጾቹን ዘርግቼ ሦስት ፕሮሲጀሮችን ብቻ ተከተልኩ፦ ኤክስፕሬሽን፣ ተርም፣ ፋክተር። ኤክስፕሬሽን መደመርና መቀነስን ያውቃል፤ ለሚደመሩት ነገሮች ተርምን ይጠራል። ተርም ማባዛትና ማካፈልን ያውቃል፤ ለሚባዙት ፋክተርን ይጠራል። ፋክተር ስም ወይም ቁጥር ካገኘ ይመዘግባል፤ ቅንፍ ካገኘ ግን ተመልሶ ኤክስፕሬሽንን ይጠራል። ማባዛት ከመደመር ይቀድማል የሚለው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ በቃል የያዝነው ሕግ፣ ከጥሪው ቅደም ተከተል ብቻ በራሱ ይወጣል። ማንም ለብቻው አልጻፈውም።

የሚያመነጨው ኮድ የሚሠራበት ማሽንም በወረቀት ላይ ያለ ማሽን ነው፤ ስምንት ትዕዛዝ ብቻ አለው። ሀ ሲደመር ሁለት ጊዜ ለ የሚለውን ሰጥቼው በእጄ አስኬድኩት፤ ሀ 3፣ ለ 5 ይሁን ብዬ። ሎድ፣ 3 ስታክ ላይ ተቀመጠ። ሊት፣ 2 ከላዩ። ሎድ፣ 5 ከላዩ። አባዛ፣ ላይኞቹ ሁለቱ ተነሥተው 10 ተተካ። ደምር፣ 13። ስቶር። ሰው ከጻፈው ሐረግ ተነሥቼ ማሽኑ እስከሚሠራው እንቅስቃሴ ድረስ በመሐሉ የማላውቀው አንድም እርምጃ አልነበረም። ጓደኛዬን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት። ተቆጥቶ ተነሣ፤ ቆይቶ ግን እሱም ገጾቹን ተቀበለኝ፤ እስኪነጋ ድረስ በፕሮሲጀር ጥሪ ጊዜ ስታኩ ላይ የሚቀመጡትን ሦስት ቁጥሮች ስንከታተል አደርን፤ የመመለሻ አድራሻ፣ የጠሪው ቦታ፣ የአቃፊው ቦታ። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ላብ አልተከፈተም፤ ማናችንም አልከፋንም።

ቪርት ማን እንደሆኑ ማወቅ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ነው። በ1934 ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ከተማ ተወለዱ። ዙሪክ በሚገኘው፣ ኢቲኤች በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ኤሌክትሪካል ምሕንድስና አጠኑ፤ በካናዳ ላቫል ዩኒቨርሲቲ ማስተርሳቸውን፣ በርክሌይ ደግሞ በ1963 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ከዚያ ስታንፎርድ ማስተማር ጀመሩ።

ብዙ ሰው የቪርትን ታሪክ ከፓስካል ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከኮሚቴው ነው። በ1960ዎቹ የአልጎል 60 ቋንቋን ተተኪ እንዲነድፍ የተሰየመ ዓለም አቀፍ ቡድን ነበር፤ ቪርትም አባል ነበሩ። እሳቸውና ቶኒ ሆር ልከኛ ማሻሻያ አቀረቡ፤ በ1966ም አሳተሙት። ቡድኑ ግን አድሪያን ቫን ዋይንጋርደን ያቀረቡትን ሰፊና ውስብስብ ንድፍ መረጠ፤ እሱም አልጎል 68 ሆነ። ቪርት ሲከራከሩ መኖር ይችሉ ነበር። ያደረጉት ሌላ ነው፤ ሐሳባቸውን አልጎል ደብልዩ ብለው ስታንፎርድ ላይ ሠርተው አሳዩ፣ ቡድኑን ተሰናበቱ፣ በ1968ም ወደ ኢቲኤች ተመልሰው ለተማሪዎቻቸው የሚሆን ቋንቋ መንደፍ ጀመሩ። በዚያ ዕድሜ፣ የሙያው ታላላቆች ሁሉ ከተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ተነሥቶ መሄድ ቀላል አይመስለኝም። ፓስካል የዚያ መነሣት ፍሬ ነው።

አሠራሩን ራሳቸው በኋላ ሲተርኩት የሚገርም ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ኮምፓይለሩን በፎርትራን መጻፍ ነበር፤ አልሆነም። ከዚያ ኮምፓይለሩን በራሱ በፓስካል ጻፉት፤ ገና የሚያነበው ማሽን በሌለው ቋንቋ ማለት ነው። ከተባባሪዎቻቸው አንዱ ሁለት ሳምንት ቤቱ ተቀምጦ ጽሑፉን በእጁ ዝቅ ወዳለ ቋንቋ መለሰው። ያ የእጅ ሥራ አንዴ ማሽኑ ላይ ሲነሣ፣ ኮምፓይለሩ ራሱን ኮምፓይል አደረገ፤ በ1970 ፓስካል ሥራ ጀመረ። ይህን ሳነብ ሉክና እርሳስ ትዝ አሉኝ። እኛ በማሽን እጥረት የምናደርገውን እነሱ ገና ማሽኑ የማይረዳውን ቋንቋ ለማስነሣት አድርገውታል።

ፓስካል እንከን አልነበረውም አልልም። ብራያን ከርኒሃን በ1981 የጻፉት ትችት የታወቀ ነው፤ ያኔ ባነበው ይከፋኝ ነበር፤ አሁን ሳነበው ግን አብዛኛው ልክ ነው። በመጀመሪያው ፓስካል የአሬይ ርዝመት የዓይነቱ አካል ስለሆነ፣ አሥር ቁጥሮችን የሚደረድር ፕሮሲጀር ሃያ ቁጥሮችን መደርደር አይችልም። ለተማሪ ልምምድ አያስቸግርም፤ ለትልቅ ሥራ ግን እጅ ያስራል። ቪርትም በኋላ በነደፉት፣ ሞዱላ ሁለት በተባለው ቋንቋ ላይ ርዝመቱ ያልተወሰነ አሬይ ለፕሮሲጀር ማቀበል ፈቀዱ፤ ፕሮግራሙን በሞጁል መከፋፈልንም ጨመሩ። በ1976 እና በ77 ካሊፎርኒያ፣ ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል ከቆዩ በኋላ እዚያ ያዩትን ዓይነት የግል ኮምፒውተር ዙሪክ ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ራሳቸው ሠሩ፤ ሊሊት አሏት፤ ሶፍትዌሯ በሞዱላ ሁለት ተጻፈ። በ1984 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጣቸው።

ከሽልማቱ በኋላ ያደረጉት ነገር ይበልጥ ያስደስተኛል፤ ቋንቋቸውን አሳነሱት። ከዩርግ ጉትክኔክት ጋር የሠሩት ኦቤሮን፣ ቋንቋውም በእሱ የተጻፈው ኦፕሬቲንግ ሲስተምም፣ ስሙን ያገኘው በዚያ ሰሞን ቮያጀር መንኮራኩር ካለፈችበት የዩራነስ ጨረቃ ነው። ቋንቋው በኋላ በተሻሻለበት ጊዜ መግለጫው በሙሉ ሃያ ገጽ አይሞላም። ተማሪያቸው የነበረው ሚካኤል ፍራንዝ እንደጻፈው፣ ቪርት ኮምፓይለር ላይ አዲስ ማሻሻያ የሚያስገቡት ዋጋውን ራሱ ከከፈለ ብቻ ነበር፤ ኮምፓይለሩ ራሱን ኮምፓይል የሚያደርግበትን ጊዜ ካላሳጠረ ይወጣል። ይህን መመዘኛ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የሚጨመረው ነገር ጥሩ ነው ወይ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ሸክሙን ይችላል ወይ ብሎም ይጠይቃል።

ከተማሪነት ዘመኔ ትዝታዎች የመጨረሻው፣ በፌብሩዋሪ 1995 በአይ ትሪፕል ኢ ኮምፒውተር መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ነው። ከውጭ የተመለሱ መምህራችን ይዘውት መጥተው አዋሱን። ቪርት እዚያ ላይ ለቀጭን ሶፍትዌር ይሟገታሉ። ማሽኑ ከሚፈጥንበት ይበልጥ ሶፍትዌሩ ይዘገያል የሚለውን አባባል ይጠቅሱና፣ ብዙዎች የቪርት ሕግ የሚሉትን ይህን ሐሳብ ከማርቲን ራይዘር እንዳገኙት ይናገራሉ። የእኛ ላብ ኮምፒውተሮች አዲስ የመጣውን ዊንዶውስ መሸከም አቅቷቸው የነበረበት ወቅት ነው። ሁላችንም ችግሩ የእኛ ድህነት ነው ብለን ነበር የምናስበው። ዙሪክ የተቀመጡ፣ የፈለጉትን ማሽን ማግኘት የሚችሉ ፕሮፌሰር ችግሩ የሶፍትዌሩ ውፍረት ነው ብለው ሲጽፉ፣ አሮጌዎቹን ማሽኖች የማያቸው በሌላ ዓይን ሆነ። ገጹን ለላብ ኃላፊው ተርጉሜ ስነግራቸው በጥሞና ሰምተው፣ «እኚህ ሰውዬ ላብ ጠብቀው ያውቃሉ ማለት ነው» አሉኝ።

በ1999 ጡረታ ወጡ፤ ሥራውን ግን አልተዉም። ኦቤሮን የተሠራበት ፕሮሰሰር ከገበያ ስለጠፋ፣ በ2013 የራሳቸውን ፕሮሰሰር ነድፈው፣ ሲስተሙን እንደገና ጽፈው፣ ስለ ኦቤሮን የጻፉትን መጽሐፍ አድሰው በነፃ ለቀቁት። 79 ዓመታቸው ነበር። ፕሮሰሰሩ፣ ኮምፓይለሩ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ሁሉም አንድ ሰው አንብቦ ሊጨርሰው በሚችል መጠን ተጽፏል። በኢቲኤች የተማረው ሮበርት ግሪዘመር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ጎ የተባለውን ቋንቋ ሲነድፍም የኦቤሮን እጅ አለበት፤ ዛሬ በዚህ ቋንቋ የሚጽፉ ወጣቶቻችን ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ።

አሁን እኔም ኮምፓይለር አስተምራለሁ። የ2013ቱን የኦቤሮን ኮምፓይለር ከፍቼ ኤክስፕሬሽን የሚለውን ፕሮሲጀር ስፈልግ፣ እዚያው ነው፤ ሲምፕል ኤክስፕሬሽን በሚባል ፕሮሲጀር በኩል ወደ ተርም ይወርዳል፣ ተርም ወደ ፋክተር፣ ፋክተር ቅንፍ ሲያገኝ ወደ ኤክስፕሬሽን ይመለሳል። ፒኤል ዜሮ ከታተመች 37 ዓመት በኋላ መሠረቱ አልተለወጠም፤ መለወጥ አላስፈለገውም። በኮርሱ ሁለተኛ ሳምንት ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አትሜ ነው፤ ላብ ከመግባታቸው በፊት ሀ ሲደመር ሁለት ጊዜ ለ የሚለውን በወረቀት እንዲያስኬዱልኝ።